እግር የማይረግጠው ቦታ

ማጣሪያ የሚቀየርበት ቀን በእኛ ብሎክ እንደ ትንሽ በዓል ነው። ሰው ደህና ልብሱን ይለብሳል፣ አሮጌ ማጣሪያውን በፌስታል ይጠቀልላል፣ ደረጃውን ወርዶ ከምድር ቤቱ መስኮት ፊት ይሰለፋል። አሮጌውን ያልመለሰ አዲስ አይሰጠውም። ሰልፉ ላይ የሚወራው ስለ ግራጫ ነው። የማን ማጣሪያ ነጣ ያለ ግራጫ ነው፣ የማን ጠቆር ያለ ነው፣ እነ እገሌ ቤት ምን ቢያጥቡ ነው እንዲህ የጠቆረባቸው እየተባለ ይታማል። ልጆቻችን የፈተና ውጤት ይዘው ሲመጡ እንኳ እንዲህ አንጨነቅም።

ከግራጫ ሌላ ቀለም አይጠበቅም። የደሴ ውሃ አንድ ውሃ ነው። የታጠብንበት፣ ያጠብንበት፣ የቀቀልንበት ወደ ታች ይወርዳል፣ ይጸዳል፣ ተመልሶ ወደ ላይ ይወጣል። እኔ ዛሬ ፊቴን የታጠብኩበት ውሃ ስንት ሰው እንዳለፈበት ባስብ ማበዴ ነውና አላስብም። ከተራራው ይወርዱ የነበሩት ምንጮች በሙሉ የብረት ክዳን ተደርጎላቸው፣ ቁጥር ተጽፎባቸው፣ ወደ ፋብሪካዎቹ ከተላኩ ቆይቷል። ለእኛ የደረሰን የሚዞረው ነው። የሚዞር ውሃ ደግሞ ግራጫ እንጂ ሌላ ነገር ማጣሪያ ላይ አይተውም።

በአንድ የለውጥ ቀን ጠዋት ኤልዳና በሬን አንኳኳች። ኤልዳና ፊት ለፊቴ ያለው ቤት ውስጥ ከእናቷ ከእማማ ሄለን ጋር የምትኖር ጎረቤቴ ናት። ቁጥብ ሴት ናት፣ ጨው ለመበደር እንኳ ሁለቴ ታስባለች። እናትየዋ ግን ጨዋታ አዋቂ ናቸው። በልጅነታቸው ሄለን የሚለው ስም የዘመናዊ ልጃገረድ ስም እንደነበር ይነግሩናል። አሁን ሄለን ተብሎ ሲጠራ ሰው ዞር ብሎ የሚፈልገው ከዘራ የያዘች አሮጊት ነው።

ኤልዳና በሩን ከኋላዋ ዘጋችና ፌስታሉን ፈታችው።

«እትዬ ሲትራ፣ ይህን ይዩልኝ» አለችኝ።

ማጣሪያው ቀይ ነበር። ከላይ እስከ ታች ቀይ አፈር ለብሷል። አነሳሁና አሸተትኩት፤ አፈር አፈር ይላል። ከስንት ዘመን በኋላ ያሸተትኩት እውነተኛ አፈር ነበርና መጀመሪያ ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ፈራሁ።

የፈራሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ዓምና ከወዲያኛው ብሎክ አንድ ቤተሰብ ማጣሪያ ላይ ነጭ አሸዋ ተገኘ። ማንም አልተቆጣቸውም። የደለል ቢሮ የሚባለው መሥሪያ ቤት ሰዎች አበባ ይዘው መጡ፣ ሳሎን ገብተው ተቀመጡ፣ አሸዋው ከየት እንደመጣ በትሕትና ጠየቁ። ቤተሰቡም ተናገረ። በማግስቱ ቤታቸው እጥፍ ውሃ ተፈቀደለት። ክረምት ሳይገባ ያ ምንጭ ክዳን ተደፋበት፣ ዙሪያው ታጠረ። ምንጩን ይጠጡ የነበሩት ገበሬዎች ከተማ ገቡና አሁን ከእኛ ጋር ይሰለፋሉ። ገና ግራጫውን ማድነቅ አልለመዱም።

ኤልዳና ቁጭ ብላ ከየት እንደመጣ ነገረችኝ። ግማሹን አውቀው ነበር። እማማ ሄለን እግራቸው ላይ የወጣባቸው ቁስል ዓመት አልፎት ነበር። የክሊኒኩን ቅባት ሁሉ ሞክረዋል፤ በሚዞረው ውሃ በታጠቡ ቁጥር ይብስባቸዋል። በመጨረሻ የወንድማቸው ልጅ ደምሴ ከትውልድ ቀያቸው ጠበል በጀሪካን አመጣላቸው። ደምሴ ጠበሉን የሚጠብቅ፣ በሽተኛ የሚቀበል ሰው ነው። የጠበሉን ስም እዚህ አልጽፍም፤ ለምን እንደሆነ አንባቢ ይገባዋል። ቀይ አፈር መካከል የሚፈልቅ ምንጭ ነው፣ ዙሪያው ጥቂት ጎጆዎች አሉ፣ ያ ብቻ ይበቃል። እማማ ሄለን ሱባኤ ይዘው ጠጡት፣ ታጠቡበት፣ ቁስሉም ደረቀ። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ በዓይኔ ያየሁትን ግን አልክድም።

ጣጣው የመጣው ከትርፉ ነው። የተረፈ ጠበል እግር በሚረግጠው ቦታ አይደፋም። ድሮ ዛፍ ሥር ይደፋ ነበር፣ ወይም አጥር ጥግ። ኤልዳና ጀሪካኑን አንጠልጥላ ቤቱን ዞረችው። ማጠቢያው ውስጥ ብትደፋው ወደ ፍሳሽ ይወርድና በማግስቱ በማን መጸዳጃ እንደሚወጣ አይታወቅም። ደጁ ሁሉ ንጣፍ ነው። የበረንዳው ሣር ፕላስቲክ ነው፤ ውሃ የሚጠጣ ተክል በቤት ማሳደግ ከተከለከለ ዘመን አልፎታል። እማማ ሄለን ካልጋቸው ሆነው «እግር የማይረግጠው ቦታ ድፊው» እያሉ ይጣራሉ። ኤልዳና በመጨረሻ ወንበር ላይ ወጣች፣ ከመታጠቢያ ቤቱ ኮርኒስ በላይ ያለውን ሮቶ ከፈተች፣ ጠበሉን እዚያ ውስጥ ገለበጠችው። ከሰው ራስ በላይ ነው፤ ማን ይረግጠዋል? እንዲያውም ቤቱ በሙሉ ይባረካል ብላ ደስ ብሏት ወረደች። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን ያንኑ ነበር የማደርገው።

ሮቶው ውስጥ የገባው ሁሉ በማጣሪያው እንደሚያልፍ ትዝ ያላት የማጣሪያውን ቀፎ በመፍቻ ከፍታ ቀዩን ስታይ ነው።

ማጣሪያውን በደረቅ ጨርቅ ጠረግነው። ጨርቁ ቀላ፣ ማጣሪያው ግን አልነጣም። በውሃ እንዳናጥበው ፍሳሹንም የደለል ቢሮ በመሣሪያ ያነበዋል። የእኔን ውሰጂ እንዳልላት እያንዳንዱ ማጣሪያ የቤቱን ቁጥር ሆዱ ውስጥ ይዟል። ሳንሄድ እንቅር እንዳንል በየቤቱ ግድግዳ የተተከለው ጨዋ ድምፅ «ውድ ቤተሰብ፣ የማጣሪያዎ ጊዜ አልቋል» ማለት ጀምሯል። ካልተቀየረ ቧንቧው ቀስ በቀስ ራሱን ያጠብባል፣ ከዚያ ይዘጋል። ያ ድምፅ ቧንቧ ሲዘጋ እንኳ ይቅርታ ይጠይቃል፤ እኔን ከሁሉ የሚያናድደኝ እሱ ነው።

«አብሽሪ» አልኳት። ተያይዘን ወረድን።

መስኮቱ ላይ የሚሠራው ሀሩን ይባላል። ጎልማሳ ነው፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ አነጋገሩ የዜና አንባቢ። ከሰው ጋር ሲነጋገር ዓይኑ ከማንበቢያው መሣሪያ አይነሳም። የኤልዳና ተራ ሲደርስ ማጣሪያውን ተቀብሎ መሣሪያው ላይ አኖረው። መሣሪያው እኛ ሰምተነው የማናውቀውን ድምፅ አሰማ፤ አጭር፣ ደስ የሚል ዜማ።

«እንኳን ደስ አለዎት» አላት ሀሩን።

ከዚያ በዚያው የዜና አንባቢ ድምፁ አስረዳት። ደለሉ ካልተመዘገበ ምንጭ የመጣ ነው። ቦታውን ብትናገር ቤቷ እጥፍ ውሃ ያገኛል። የማታውቀው ከሆነ ቤተሰቧን ጠይቃ ትመለስ፤ ምክንያቱ እስኪታወቅ ግን አዲስ ማጣሪያ መስጠት አይቻልም። ቀዩን ማጣሪያ በፌስታሉ መለሰላትና ቤቷ መልሳ እንድትገጥመው ነገራት። ሰልፉ «እንኳን ደስ አለዎት» የሚለውን እንጂ ሌላውን አልሰማምና አንዲት ሴት ኤልዳናን አቅፋ ሳመቻት። ሌላው ግብዣው መቼ እንደሆነ ጠየቀ። ኤልዳና እየሳቀች አመሰገነች። ፌስታሉን ግን በሁለት እጇ አፍና ይዛው ነበር።

እነዚያን ቀናት አልወዳቸውም። ቧንቧቸው ቀጠነ። አንድ ብርጭቆ ውሃ ለመሙላት ቆሞ መጠበቅ ሆነ። እኔ ከራሴ ድርሻ በማንቆርቆሪያ አቀብላቸው ነበር፤ የእኔም ግድግዳ «ውድ ቤተሰብ፣ ፍጆታዎ ጨምሯል» ይለኝ ጀመር። ኤልዳና አንድ ቦታ መቀመጥ አቃታት። ወጥ ጥዳ በረንዳ ትወጣለች፣ ከበረንዳ ተመልሳ ሮቶውን ታያለች፣ ሮቶውን ትታ እኔ ዘንድ ትመጣለች፣ ሳትቀመጥ ትሄዳለች።

አንድ ቀን ማንቆርቆሪያውን ላደርስ እነሱ ቤት ስገባ፣ እንደ ቆመች፣ ብናገርስ አለችኝ። እጥፍ ውሃ ማለት እናቷ በየቀኑ መታጠብ ይችላሉ ማለት ነው። ደግሞስ ዛሬ እሷ ብትደብቀው ነገ ሌላው አይናገረውም ወይ? አልፈረድኩባትም። በየቀኑ መታጠብን እኔም በሕልሜ አየዋለሁ። እማማ ሄለን ግን ከመኝታ ቤት ሰምተውናል። ክዳን ከተደፋበት በኋላ የሚመጣልሽ ውሃ ያው የሚዞረው ነው፣ እሱን ደግሞ እግሬ ያውቀዋል አሏት። ደምሴንና ጎጆዎቹን ወዴት ልትሰጃቸው ነው ብለውም ጠየቋት። ኤልዳና ማንቆርቆሪያውን አንስታ ወደ ወጥ ቤት ገባች።

መፍትሔው የመጣው ከዋናው በር ማስታወቂያ ነው። ወደ ብሎኩ ስንገባ ከበሩ ላይ አንድ የልጅ ድምፅ «እግርዎን ጠርገው ይግቡ፤ የእግርዎ አፈር የሁላችን ውሃ ነው» እያለ ይዘምራል። ከገጠር የሚመጣ ሰው ጭቃ እግሩን ቤት ውስጥ ከታጠበ ጭቃው ከፍሳሹ ጋር ሲወጣ የዚያው ቤት ማጣሪያ ላይ ይቀራል፤ ይህ ነውር ነው፣ ጥፋትም ነው፣ ግን ምንጭ አይደለም። ዘፈኑን ለዓመታት ሰምተን ሰልችቶናል። በዚያ ቀን ኤልዳና ከሥራ ስትመለስ እዚያው በሩ ሥር ቆማ እንደገና አዳመጠችው። እኔ ዘንድ ስትመጣ ፊቷ ልክ አልነበረም።

የእግር አፈር ነው እንበል አለችኝ። ወዲያው ያለችውን ራሷ ሰምታ አፏን በእጇ ያዘች።

ለእናቷ ለመንገር ብቻዋን አልደፈረችም፤ አብሬያት ገባሁ። እማማ ሄለን ትራሳቸውን ተደግፈው ሰሙን። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። አንድ ጠብታ እግር ሥር እንዳይወድቅ ልጃቸውን ወንበር ላይ ያስወጡ ሴት ናቸው።

«በእሱ የዳንኩበትን የእግሬ እድፍ ነው ልበል?» አሉ።

ደግነቱ እሳቸው ነገር ሲከብዳቸው ወደ ዝርዝሩ ይገባሉ። እግሬ ገጠር ምን ሊሠራ ሄደ ብዬ ልንገረው ነው አሉ። ኤልዳና ለቅሶ እንበል አለች፤ የወንድምሽ ልጅ ሞቶ ቀብር ሄደሽ ነበር እንበል። እማማ ሄለን በዚህ ተቆጡ። ደምሴን በቁሙ በአፌ አልገድለውም፣ ውሸትም ከሆነ ሠርግ ይሁን አሉ። ስለዚህ ደምሴ በአንዲት ከሰዓት ሚስት አገባ። እኛም የሙሽራዋን ስም ስናወጣ ከብዙ ቀን በኋላ ሳቅን።

ኤልዳና እኔ ሄጄ እነግረዋለሁ ስትል ግን እናትየዋ እጇን ያዙዋት።

«አንቺ አትዪውም፣ ልጄ። እኔ እለዋለሁ። የእኔ ንስሐ አባት አጠገቤ አሉ፣ ለመናዘዝም ጊዜ አለኝ።»

በማግስቱ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በኤልዳናና በእኔ መካከል ሆነው በሊፍቱ ወረዱ። ማጣሪያውን ራሳቸው ያዙት፣ ደረታቸው ላይ። መስኮቱ ጋ ስንደርስ ሀሩን ቀና ብሎ አያቸው። ከዚያ በፊት ቀና ሲል አይቼው አላውቅም።

«ከየት እንደመጣ ታወቀ?» አለ።

«የእግሬ እድፍ ነው» አሉ እማማ ሄለን።

የወንድሜ ልጅ ሠርግ ነበረ፣ ጫማዬን አውልቄ ጨፈርኩ፣ ጭቃ እግሬን ይዤ ገባሁና እቤቴ ታጠብኩ አሉት። አጥፍቻለሁ አሉት። ሀሩን በዚህ ዕድሜዎ እንዴት ጨፈሩ ብሎ ጠየቃቸው። እማማ ሄለን ቀሚሳቸውን ትንሽ ከፍ አደረጉና እግራቸውን አሳዩት፤ ይኸው፣ ደህና ነው፣ ይጨፍራል አሉ። ይህን ከእኛ ጋር አልተማከሩበትም ነበር። የዳነው ቁስል ጠባሳ ገና ሮዝ ነው፤ ዓይን ያለው ሰው ሁሉ ያየዋል። ሀሩን ትኩር ብሎ አየው። ኤልዳና የእኔን ክንድ አጥብቃ ጨበጠች።

የእግር አፈር ያለበት ማጣሪያ የሚጣለው ሀሩን እግር ሥር ባለው ቅርጫት ነው። ቅርጫቱ ሲሞላ በጫማው ረገጥ ረገጥ አድርጎ እንደሚያጨናንቀው ሁላችንም አይተናል። እማማ ሄለንም ቅርጫቱን አዩት፣ ከዚያ ጫማውን አዩት። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈኑ። በሕይወቴ ለሰው እንደዚያ አዝኜ አላውቅም።

ሀሩን ማጣሪያውን ተቀብሎ ወደ ቅርጫቱ ጎንበስ አለ። እዚያው እንደ ጎነበሰ ትንሽ ቆየ። ቀና ሲል ማጣሪያው እጁ ላይ ነው። ከኋላው ወዳለው ረጅም ቁም ሳጥን ዞረ፣ በእግር ጣቶቹ ጫፍ ቆሞ ተንጠራራ፣ ማጣሪያውን ከሳጥኑ አናት ላይ አስቀመጠው። ከዚያ አዲሱን ማጣሪያ ሰጣቸውና «የሚቀጥለው» ብሎ ተጣራ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም የለንም። እማማ ሄለን ሰውየው የተባረከ ነው፣ አውቆ ነው ከፍ ያደረገው ይላሉ። ኤልዳና ደግሞ ለምርመራ ሊልከው ነው ያስቀመጠው ትላለች፤ መጣል ያለበትን ነገር የሚያስቀምጥ ሠራተኛ ምን ዓይነት ነው? እኔ ጠዋት ከእናትየዋ ጋር እስማማለሁ፣ ከሰዓት ከልጅቷ ጋር። በራቸው ላይ «እግር የሚጠረግበት ቤት» የሚል ቢጫ ወረቀት ተለጠፈ። አንዲት ወጣት አሠልጣኝ መጥታ ለእማማ ሄለን እግር እንዴት እንደሚጠረግ በአሻንጉሊት እግር አሳየቻቸው፤ እሳቸውም ጥሩ ተማሪ ሆነው ተቀመጡ። እንኳን ደስ አለሽ ብሎ ኤልዳናን የሳመው ሰልፍ አሁን በበራቸው ሲያልፍ አፍንጫውን ይይዛል።

ኤልዳና ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ ቆማ ወደ ተራራው የሚወጣውን መንገድ ታያለች። ቁፋሮ መኪና ካለፈ በቃ ማለት ነው። ሞተር በሰማች ቁጥር የያዘችውን ጥላ ትሮጣለች፤ የቆሻሻ መኪና ይሆናል፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይሆናል። እኔም ሳላውቀው ማየት ጀመርኩ። ልብስ ስፌት ነው ሥራዬ፤ የስፌት መኪናዬን እያቆምኩ ወደ መስኮት ስለምሄድ ሰሞኑን የሰፋሁት እጅጌ ሁሉ ጠማማ ነው።

የሚቀጥለው የለውጥ ቀን ደረሰ። ኤልዳና ቀፎውን ስትፈታ እኔም አጠገቧ ነበርኩ። ማጣሪያው ግራጫ ነበር፣ እንደማንም ግራጫ። በግራጫ እንዲህ ደስ ይለኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። ወርደን ተሰለፍን። መሣሪያው ዝም አለ። ሀሩን አሮጌውን ቅርጫት ውስጥ ጣለ፣ አዲሱን አነሳ፣ በመስኮቱ አሳለፈው። ኤልዳና ያዘችው፤ እሱ ግን አለቀቀም።

«የእናትዎ እግር እንዴት ነው?» አላት።

ኤልዳና ደህና ነው አለች። ድምጿ እንደ ክር ቀጥኖ ነበር። እኔ ከትከሻዋ በላይ የቁም ሳጥኑን አናት አየሁ። አንድ ነገር እዚያ አለ፣ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ። ጨርቁ ታጥቦ የተተኮሰ ነው።

ሀሩን ወደ ሰልፉ አየ፣ ወደ መሣሪያው አየ፣ ከዚያ በዜና አንባቢ ሳይሆን በሰው ድምፅ ተናገረ።

«የእኔም እናት እግሯን ያማታል፣ እህቴ።»

ማጣሪያውንም ለቀቀ።

ኤልዳና አንድ ጊዜ ብቻ ራሷን ነቀነቀች። ሊፍቱን ትተን በደረጃው ወጣን፤ ሊፍት ውስጥ ሰው ይሰማል። ደምሴ በመጪው ሳምንት ይመጣል፤ ትልቁን ጀሪካን ይዞ እንዲመጣ እንነግረዋለን። እማማ ሄለን ሲሰሙ አላልኳችሁም የሚል ፊት እንደሚያሳዩን አውቀናል። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ስንደርስ ኤልዳና ቆመች፣ አዲሱን ማጣሪያ ደረቷ ላይ ይዛ።

«እትዬ ሲትራ፣ የሚተርፈውንስ የት ነው የምንደፋው?» አለችኝ።

ሁለታችንም ደረጃውን ወደ ላይ አየን፣ ወደ ታች አየን። ሁሉም ንጣፍ ነው።